በአሮጌ ሞተር ብስክሌት የዓባይን በረሓ ስለ መሻገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ የሦስት አገር አየር ይተነፍሳል። በእንጦጦ ራስ ላይ ሲደርስ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በሱሉልታና በሰላሌ ሜዳ ላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ሆኖ ሲጓዝ ይውላል፤ ከጎሐ ጽዮን በኋላ ግን መንገዱ ወደ ገደሉ ይገባና 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ወርዶ ከዓባይ ድልድይ ሲደርስ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከዚያም ወዲያ እንደ ገና ወደ ደጀን መውጣት አለ። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ የሚያውቀው ጆሮው ሲደፈንና ካፖርቱን ሲያወልቅ ነው። በአሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚሄደው ግን የአየሩን መክበድና መቅለል ሞተሩ ራሱ እያሳለ ይነግረዋል። እኛም በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በዚህ መንገድ ላይ እንደዚያ ባለ ሞተር ብስክሌት ስለ ሄድን፣ ያየነውንና ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን።

የጉዞው ምክንያት አማታችን ናቸው። አማታችን በደጀን የሚኖሩ፣ በዚያ ጊዜ 78 ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ በ1955 ዓ.ም. ቢ.ኤስ.ኤ. የሚባለውን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ገዝተው ነበር። ዐይነቱ ሲ 15 ይባላል፤ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ልኩ 247 ሲ.ሲ. የሆነ፣ ፋብሪካው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1958 እስከ 1967 ድረስ የሠራው ነው። ይህ ፋብሪካ በበርሚንግሃም ከተማ በጠመንጃ ሠሪዎች የተቋቋመ ስለ ሆነ ምልክቱ እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው። ስለዚህም አማታችን ሞተራቸውን «ጠመንጃዬ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ዛሬም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

በ1996 ዓ.ም. ጉልበታቸው ሲደክም፣ ራሳቸው ነድተው አዲስ አበባ ድረስ አምጥተው ለልጃቸው ለባለቤታችን ሰጧት። እኛም ጥቂት ዓመት በእሑድ በእሑድ ስንነዳው ቈየን። በዚያ ጊዜ ቤንዚን በብዙ ይጠጣ፣ ጭሱም ይሸት ነበርና «አርጅቷል፤ ምን ይደረግ» እያልን እናልፈው ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በጓሮው ዕቃ ቤት፣ በአሮጌ ሸራ ሥር፣ ከባዶ ጆንያ ጋራ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ቤንዚኑን ከውስጡ ሳናወጣ መተዋችን የእኛ ጥፋት ነው፤ በማንም ላይ አናላክከውም።

በ2008 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ከደጀን መልእክት መጣ። አማታችን «አንድ ነጋዴ መጥቶ ጠመንጃህን ሽጥልኝ ይለኛል። ሞቶ እንደ ሆነ ይሸጥ፤ በሕይወት ካለ ግን በገዛ እግሩ ይምጣና ድምፁን ልስማ» ብለው ልከው ነበር። ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው ማየት ተስኗቸው ነበርና፣ «ድምፁን ልስማ» ማለታቸው በቀልድ አልነበረም። ባለቤታችን ይህን ከሰማች በኋላ አንዲት ቃል ሳትናገር የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አምጥታ ከፊታችን አኖረች።

ሞተሩን አውጥተን አቧራውን ጠርገን ብንረግጠው፣ ብንረግጠው አልነሣም አለ። ጊዜውም አጭር ስለ ሆነ በሰፈሩ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። እዚያ የነበረው ሠራተኛ ካርቡራተሩን በግማሽ ሰዓት ፈትቶ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በብረት ሽቦ ጐርጕሮ መለሰልን። ሞተሩ በርግጥ ተነሣ፤ ነገር ግን ከማርሚታው እንደ ጥላሸት የጠቈረ ጭስ እየተፋ፣ ጋዝ ሲሰጡት እየታነቀ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ካንዴላው ጠቍሮ ይቆም ጀመር። ሠራተኛውን ብንጠይቀው «ካርቡራተሩ ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» ብሎ ፈረደ።

እኛ በችሎት ተቀምጠን የምስክር ቃል ስንጽፍ የምንውል ስለ ሆንን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተያዘው ሁሉ ጥፋተኛ እንዳይደለ እናውቃለን። በሞተርም ቤት ካርቡራተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዝ ተከሳሽ ነው። በዕቃ መያዣው ሣጥን ውስጥ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተቀምጦ ነበርና፣ በልጅነታችን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ባገኘናት እንግሊዝኛ ሦስት ሌሊት ያህል አነበብነው። ከዚያ በኋላ ካርቡራተሩን በገዛ እጃችን ልንፈታው ቈረጥን።

ካርቡራተር ማለት ቤንዚንንና አየርን የሚያጋባ ዕቃ ነው። ሞተሩ ሲስብ አየር በጠባብ ጕሮሮ ውስጥ በፍጥነት ያልፋል፤ በዚያ ማለፉ ቤንዚኑን ከታች ካለችው ቀጭን ቀዳዳ መጥጦ እንደ ጉም ይበትነዋል። ቤንዚን ደኅና ሆኖ እንዲነድ በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 15 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ቤንዚኑ ሲበዛ ሞተሩ በጥቍር ጭስ ይታፈናል፤ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ያስነጥሳል፣ ጉልበትም ያጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን መመልከት ነው፤ እንደ ጥላሸት ከጠቈረ ቤንዚን በዝቷል፤ እንደ ዐመድ ከነጣ አየር በዝቷል፤ የተቈላ ቡና የሚመስል ቀለም ካለው ግን ጋብቻው ሰምሯል ማለት ነው።

በሲ 15 ላይ ያለው ካርቡራተር አማል ሞኖብሎክ የሚባለው ነው። በውስጡ የቤንዚኑን መጠን የሚጠብቅ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሥቶ መግቢያውን በትንሽ መርፌ ይዘጋል። ከተንሳፋፊው ቤት ወጥቶ ቤንዚኑ የሚያልፍባቸው የናስ ቀዳዳዎች ደግሞ ባለ ሞያዎቹ ጂግሌር የሚሏቸው ናቸው። ትንሹ ጂግሌር ሞተሩ ቆሞ ሲያንጐራጕር ይመግበዋል፤ ጋዙ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ሲከፈት ረጅሙ ሾጣጣ መርፌ ይመጥነዋል፤ ጋዙ ፈጽሞ ሲከፈት ደግሞ ሥልጣኑ የትልቁ ጂግሌር ይሆናል። ይህን ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። ሞተሩ ቆሞ እያለ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ትንሹን ጂግሌር መመርመር ነው፤ ቆሞ ደኅና እያንጐራጐረ ዳገት ላይ የሚታነቅ ከሆነ ግን ትንሹን መጐርጐር ከንቱ ነው፤ ችግሩ በትልቁ ዘንድ ነው።

መመሪያው ካርቡራተሩን ከመንካታችን በፊት ሌላውን እንድንመረምር አዘዘን፤ እኛም ታዘዝን። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳን በላዩ አየር የምታስገባ ቀዳዳ አለችው፤ እርሷ ስትደፈን ቤንዚኑ መውረዱን ይተውና ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ይቆማል። የእኛዋ በአቧራ ተደፍና ስለ ነበረ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ከፈትናት። የቤንዚኑን መክፈቻ ብንፈታ በውስጡ ያለችው ወንፊት ዝገት ለብሳ ተገኘች። የካንዴላውን እሳት ብናይ ደኅና ነበር። ካርቡራተሩን የፈታነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ባለቤታችን በመጀመሪያ አንድ ሕግ አወጣች፤ ቤንዚን ባለበት ቀን በዚያ በኩል ከሰል እንዳይቀጣጠል፣ ቡናውም ከጓዳ ወዲያ እንዲፈላ፣ ሥራው በረንዳ ላይ እንጂ በቤት ውስጥ እንዳይሆን። ቤንዚን በፈሳሽነቱ ሳይሆን በእንፋሎቱ ነውና የሚቀጣጠለው፣ እንፋሎቱም በምድር ላይ እየተሳበ ሩቅ ስለሚሄድ፣ ይህን ሕግ የማያከብር ቤት ካርቡራተር ባያጥብ ይሻላል። ቀጥላም አንድ አሮጌ ነጭ ነጠላ አንጥፋ ሰጠችን። ነጭ መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ከተፈታው ነገር አንዲት ትንሽ ብሎን ብትወድቅ ትታያለች። የእኅታችን ልጅ፣ የ19 ዓመት ጐልማሳ፣ የተፈታውን ሁሉ በተፈታበት ተራ በነጠላው ላይ ይደረድር ነበር።

የተንሳፋፊውን ቤት ክዳን የያዙትን ሦስት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተን ብንከፍተው፣ የአራት ዓመት ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ተገኘ፤ ሽታውም እንደ አሮጌ ቀለም ነበር። በሥሩም ነጭና አረንጓዴ የመሰለ ቅርፊት አየን። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤንዚን ጋራ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ይቀላቀል ነበረና፣ ኤታኖል ከአየር ውስጥ ውሃ ስለሚስብ፣ ሳይነካ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የካርቡራተሩን ብረት እንዲህ ይበላዋል። ለዘወትር ነጂ ይህ ጕዳት አይሰማውም፤ ቤንዚኑ ሳይሰነብት ያልቃልና። የሚጐዳው እንደ እኛ አስቀምጦ የሚረሳ ሰው ነው።

የናሱን ዕቃ ሁሉ በንጹሕ ቤንዚን ነክረን አሳደርነው፤ ጓርኒሲዮኑንና ሌላውን ለስላሳ ዕቃ ግን ለይተን አስቀመጥን። በማግስቱ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዘን፣ እርሷን እያለሳለስን በጂግሌሮቹ ቀዳዳ አሳለፍናት፤ መዳብ ከናስ ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ አይፍቀውም። ከዚያ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ነፋናቸው። ከሁሉ ያስቸገረን በጕሮሮው ውስጥ ያለች፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል የትንሹ ጂግሌር መውጫ ናት። ወደ ፀሐይ ይዘን ስናይ ብርሃን አላሳልፍ አለች፤ ሦስት ጊዜ ነክረን፣ ሦስት ጊዜ ነፍተን በሦስተኛው ተከፈተች።

ትልቁን ጂግሌር ወደ ብርሃን ስንይዘው ደግሞ ነገሩ ተገለጠ። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ወገን ተቧጭሮ ነበር፤ የጋራዡ የብረት ሽቦ ያደረገው ነው። በአማል ጂግሌር ላይ የተቀረጸው ቍጥር በአንድ ደቂቃ የሚያልፈውን ቤንዚን በኩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚያመለክት ነው፤ በዚህኛው ላይ የተቀረጸው 140 ነበረ፤ ከተቧጨረ በኋላ ግን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ማንም አይነግረንም። እንዲህ ተስፋ ቈርጠን ሳለን የእኅታችን ልጅ በዕቃው ሣጥን ጥግ የነበረች አንዲት የትንባሆ ቆርቆሮ ከፈተ፤ በጥጥ ተጠቅልሎ 130 የሚል ቍጥር ያለው ሌላ ጂግሌር ተቀምጦባት ነበር። አማታችን ለምን እንዳኖሩት በዚያ ሰዓት አላወቅንም። ገጠምነው።

ካርቡራተሩን ስንመልስ መመሪያው ሁለት ነገር አስጠነቀቀን። አንደኛው፣ ጋዝ ሲሰጡት የሚነሣው በርሜል መሳይ ክፍል የተገመሰ ጎን አለው፤ ያም ጎን ወደ አየር መግቢያው እንጂ ወደ ሞተሩ መዞር የለበትም። ሁለተኛው፣ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋራ የሚያያይዙትን ሁለት ዳዶዎች አጥብቆ ማሰር ፊቱን ያጐብጠዋል፤ በጐበጠው በኩል አየር ሾልኮ ይገባና ሞተሩ ቆሞ እያለ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። የእኛውን ፊት በመስታወት ላይ ብናስቀምጠው እንደ ጀልባ ተወዛወዘ። በመስታወቱ ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግተን፣ ቀስ እያልን እስኪስተካከል ድረስ ፈተግነው፤ ይህ አንድ ቀን ሙሉ ወሰደ፤ ነገር ግን ከሥራው ሁሉ ደስ ያለን ይህ ነበር። በሚቀጥለው ቀን በሁለተኛው እርግጫ ተነሣ። ጭሱም ጠፋ። ባለቤታችን ከጓዳ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆማ ትንሽ ሰማችና «ይህስ የአባባ ድምፅ ነው» አለች።

ጥቅምት 14 ቀን በማለዳ እኛ ፊት፣ የእኅታችን ልጅ ኋላ ሆነን ተነሣን። በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥተን የእንጦጦን ዳገት ስንይዝ፣ ብርዱ በጓንቲ ውስጥ ጣታችንን ያደነዝዝ ነበር። ባሕር ዛፉ በጭጋግ ተውጦ፣ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች በዳሩ ይወርዳሉ። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 100 እጅ 70 ያህሉ ብቻ ስለ ሆነ ሞተሩ ቢታከትም የሚፈረድበት አይደለም፤ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርደን ቀስ ብለን ወጣን። በኋላችን ግን ጥቍር ጭስ አልነበረም።

የሱሉልታ ሜዳ በጥቅምት ምን እንደሚመስል ላየው ሰው መናገር አያስፈልግም፤ ላላየውም በቃል አይሞላለትም። ሣሩ ገና አልታጨደም፤ ውሃው በየቦታው ያንጸባርቃል፤ በዳገቱ ላይ የዐደይ አበባ ቅሬታ አለ። ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን አልፈን፣ የደብረ ሊባኖስን መገንጠያ በቀኝ ትተን፣ በፍቼ ቁርስ በላን። ካንዴላውን ፈትተን ብናይ ጫፉ የተቈላ ቡና መስሏል፤ የእኅታችን ልጅ ለአሳላፊዋ ሳይቀር አሳያት። ከዚያም በሰላሌ ሜዳ በጤፉና በስንዴው መካከል እስከ ጎሐ ጽዮን፣ ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያለ ችግር ደረስን።

በጎሐ ጽዮን ቡና ለመጠጣት ወረድን። ሞተሩን አጥፍተን ከአንዲት ቡና አፍይ ደጅ አቁመን ነበርና፣ የመጀመሪያውን ሲኒ ሳንጨርስ የቤንዚን ሽታ ሸተተን። ዘወር ብንል ከካርቡራተሩ ቤንዚን እየተንጠባጠበ ነበር። በሲ 15 ላይ እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ ከሲሊንደሩ ኋላ፣ ከካርቡራተሩ በታች ነው የተተከለው፤ ጠብታው በዚያ በጋለው ብረት ላይ ይወርዳል። የቡናው ከሰል ከሦስት እርምጃ አይርቅም፤ አጠገባችንም አንድ ሹፌር ሲጋራ ሊለኵስ ክብሪት አውጥቶ ነበር። የእኅታችን ልጅ «ጋሼ፣ ክብሪቱን!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩም ደንግጦ ተወው። እኛ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘጋን፤ ሁለታችንም ሞተሩን እየገፋን ወደ ገላጣው ቦታ ወሰድነው። እጃችን መንቀጥቀጡን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ካቻቢቴውን ስንይዝ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ከማጠራቀሚያው የወረደች አንዲት የዝገት ቅንጣት በተንሳፋፊው መርፌ ሥር ገብታ መግቢያውን እንዳይዘጋ ከልክላው ነበር። ካርቡራተሩን ብናጥብም ማጠራቀሚያውን በሚገባ ስላላጠብን ነው። ማጠራቀሚያው ዝገት እስካለው ድረስ ካርቡራተር ማጠብ፣ ጭቃ እግር ያለው ሰው የሚገባበትን ቤት እንደ መጥረግ ነው። መርፌውን አውጥተን ጠርገን መለስን፤ መክፈቻውን ከፍተን ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን፤ አልተንጠባጠበም። ከዚያም ወዲያ በቆምን ቍጥር ቤንዚኑን መዝጋት ልማዳችን ሆነ፤ መጀመሪያም ልማዳችን ሊሆን ይገባ ነበር።

አሁን ገደሉ ጀመረ። የዓባይን በረሓ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል። ዐለቱ ደረጃ በደረጃ፣ ነጭና ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ወንዙ ራሱ ከላይ አይታይም፤ ማዶው የጎጃም ግድግዳ በሰማያዊ ጢስ ውስጥ ቆሟል። በየመታጠፊያው ዝንጀሮዎች ተቀምጠው መኪናውን ይቈጥራሉ። በቍልቍለቱ ጋዙን ዘግተን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን በየጊዜው እያሳረፍን ወረድን። ካፖርታችንን በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ሹራባችንን በሁለተኛው አወለቅን። ሞተሩም በመውረዱ መጠን ከማርሚታው ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ።

ከታች ሁለት ድልድይ አለ። አንደኛው አሮጌው ነው። ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፣ ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኅዳሴ ድልድይ ነው። ወንዙ በጥቅምት ገና የክረምቱን ዐፈር ተሸክሞ እንደ ቡና ከወተት ጋራ ጠቈር ብሎ ይሄድ ነበር። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ነው። ከድልድዩ ማዶ ውሃ ጠጣን፣ ለሞተሩም የሚበርድበት ጊዜ ሰጠነው።

ዳገቱን ስንጀምር ግን ሞተሩ እንቢ አለ። ቆሞ ደኅና ያንጐራጕራል፤ ጋዝ ሲሰጡት ያስነጥሳል፤ ፈጽሞ ሲከፍቱለት ጉልበቱ ይጠፋል፤ ሲሊንደሩም እጅ የማያስጠጋ ሆኖ ጋለ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ቆምን። ካንዴላውን ብናወጣው በማለዳ የቡና ቀለም የነበረው እንደ ዐመድ ነጥቷል። የእኅታችን ልጅ «እንደ ገና ተደፈነ፤ እንፍታው» አለ። እኛም ካቻቢቴውን አንሥተን ነበር። ነገር ግን በዚያ ሙቀት፣ አቧራ በሚያነሡ መኪኖች አጠገብ፣ ደኅናውን ካርቡራተር ልንበትነው መሆኑ ከበደንና ቁጭ ብለን አሰብን። በሰላሌ ደኅና የነበረ ጂግሌር በሦስት ሰዓት ውስጥ ለምን ይደፈናል? የተለወጠው ጂግሌሩ አይደለም፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

በደጋው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በዓባይ ግን 90 እጅ ይደርሳል። ስለዚህ ያው ጕሮሮ በበረሓው የበለጠ አየር ይውጣል፤ ለደጋ የተመጠነችው የ130 ጂግሌር ደግሞ ለዚያ ሁሉ አየር የሚበቃ ቤንዚን አትሰጥም። ይህን ስንረዳ በእጀታው ላይ ያለችው የአየር መቈጣጠሪያ ምላስ ትዝ አለችን። ማለዳ ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የምንዘጋት ናት፤ አየሩን ስታሳንስ ቤንዚኑ ይበረታል። እርሷን ሲሶ ያህል ዘግተን ብንሞክር ማስነጠሱ ተወን። ጋዙን ከግማሽ በላይ ሳንከፍት፣ በየአራት ኪሎ ሜትሩ እየቆምን እያበረድን፣ ከፍ ባልን መጠን ምላሷን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈትን ወጣን። ከደጀን አፋፍ ስንደርስ ፈጽማ ተከፍታ ነበር፤ ሞተሩም የማለዳውን ድምፁን አገኘ። ካርቡራተሩን አንዲት ብሎን እንኳ አልነካነውም።

አማታችን በደጃቸው በመደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመንገዱ ማጠፊያ ጀምሮ ሰምተውት ኖሮ፣ እኛ ስንደርስ ቆመው ጠበቁን። ሰላምታ ልናቀርብ ብንጠጋ «ቈይ ልጄ፤ አታጥፋው» አሉን። ዱላቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው በእጃቸው ማጠራቀሚያውን፣ እጀታውን፣ ከዚያም ወደ ታች ካርቡራተሩን ዳሰሱ። ጥቂት ካደመጡ በኋላ «ካቻቢቴ ስጠኝ» አሉ። የትንሹን ጂግሌር አየር የምትቈጣጠረውን ብሎን በጣታቸው አግኝተው፣ ሩብ ዙር ያህል ወደ ውጭ፣ ጥቂት ደግሞ ወደ ውስጥ መለሷት። ሞተሩ እንደ ሰዓት መቍጠር ጀመረ። እኛ ያንን ብሎን በረንዳ ላይ ሁለት ሰዓት ስናዞረው ውለን ነበር።

እራት ከበላን በኋላ የትኛው ጂግሌር እንደ ገባ ጠየቁን። «አባባ፣ በቆርቆሮዋ ውስጥ ያገኘነው፣ 130 የሚለው ነው» ብንላቸው ሳቁ። እርሳቸው በሚነዱበት ዘመን በዓባይ ድልድይ ዘንድ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ ወደ ቈላ ሥራ ሲሄዱ 140ውን፣ ወደ ደጋ ሲወጡ 130ውን ይለዋውጡ ኖረዋል። ለመጨረሻ ጊዜ በ1996 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲያመጡት ግን የቈላው ጂግሌር በውስጡ እንዳለ ሳይለውጡ አልፈው ነበር። «ለልጄ ልሰጣት የምሄድበት ቀን ነበር፤ በድልድዩ ዘንድ መቆም አልፈለግሁም» አሉ። እኛ እርጅና ነው ስንል የነበረው የዚያ ሁሉ ዓመት ጭስ ከዚህ የመጣ ነበር።

የተቧጨረውን 140 በኪሳችን ይዘን ነበርና አውጥተን ሰጠናቸው። በጥፍራቸው ቀዳዳውን ዳሰው «ይህን ማን ወጋው?» ብለው ጠየቁ። የጋራዡን ነገር ነገርናቸው። ምንም ሳይመልሱ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው አስቀመጡት።

ነጋዴው በማግስቱ መጣ። አማታችን ሞተሩን አስነሥተን ድምፁን እንድናሰማው አዘዙን፤ ሰውዬውም ዙሪያውን እየተመለከተ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ጨመረ። እርሳቸው ቡና አስጠጥተው፣ ስለ ልጆቹ ደኅንነት ጠይቀው በክብር ሸኙት። እኛም በሦስተኛው ቀን ለመመለስ ስንሰናዳ ማጠራቀሚያውን በጠጠርና በቤንዚን ሞልተን፣ እያናወጥን ዝገቱን አጠብን፤ አማታችን ከመደባቸው ላይ ሆነው ጠጠሩ ሲንኳኳ እየሰሙ «ገና ነው፤ ገና ነው» ይሉን ነበር።